ደላላው የነገረህ ደመወዝ እውነት ነው፤ ለአንተ የተቀመጠ ግን አይደለም

«ሰላም ጋሼ። 24 ዓመቴ ነው፤ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ጅማ ነው። ከቴክኒክና ሙያ በኤሌክትሮኒክስ ተመርቄ ሄርማታ መርካቶ አንድ ሞባይል ጥገና ቤት እሠራለሁ። ከእጅ ዋጋው ግማሹ የባለሱቁ፣ ግማሹ የእኔ ነው። ጥሩ ወር ላይ 8,000 ብር፣ ሲቀዘቅዝ 4,000 ብር አገኛለሁ። አሁን ሁለት ነገር መጣልኝ። አንዱ አዲስ አበባ የሚገኝ የስልክ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ነው፤ 7,000 ብር እና ምሳ። ሌላው ደግሞ አንድ ደላላ ማሌዢያ ኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ አስገባሃለሁ ይለኛል። ደመወዙ 1,700 ሪንጊት ነው፤ በእኛ ከ50,000 ብር ይበልጣል። መጀመሪያ ታይላንድ ትወርዳለህ፣ ከዚያ በመኪና ይወስዱሃል ብሎኛል። 280,000 ብር ይፈልጋል። አባቴ ማና ያለውን የቡና ማሳ በወለድ አገድ ሊያሲዝልኝ ተስማምቷል፤ ውሉ ሐሙስ ነው። የየአገሩን የፋብሪካ ደመወዝ ኢንተርኔት ላይ ሳየው የእኛ ያሳፍራል። ምን ይሉኛል?»

ወንድሜ፣ ቀኑ ስለቀረበ ከመልሱ ልጀምር። ማሌዢያ አትሂድ። የአባትህ ቡና አይያዝ። የአዲስ አበባውን ሥራ ደግሞ እንደቀረበልህ አትቀበል፣ ግን በሩን አትዝጋው። አሁን ምክንያቱን ልንገርህ፣ ትንሽ ይረዝማል።

እኔ አንድ ፋብሪካ ደመወዝ ክፍል ውስጥ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። እስካሁን ከዓይኔ የማትጠፋ አንዲት ልጅ አለች። የመጀመሪያ ደመወዟን የተቀበለች ቀን የክፍያ ወረቀቷን ይዛ መስኮቴ ላይ ቆመች። አንድ መስመር ላይ ጣቷን አድርጋ «ጋሼ ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። ግብር ነው አልኳት። ጣቷን ወደ ታች ሳብ አደረገች። ጡረታ ነው። እንደገና ሳብ አደረገች። አንድ ቀን ታመሽ የቀረሽበት ነው። ወረቀቱን ስትገለብጠው በጀርባው በእስክሪፕቶ የጻፈችው ሒሳብ አለ፦ ለእናቷ ይህን ያህል፣ ለኪራይ ይህን ያህል፣ ለጫማ ይህን ያህል። ያ ሁሉ የተደመረው መልማዩ በነገራት ቁጥር ነበር። መልማዩ የነገራት ቁጥር ውሸት አልነበረም። ግን ኦቨርታይሙንም፣ ያለመቅረት ጉርሻውንም ደማምሮ፣ ምንም ሳይቀነስ ነው የነገራት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም ሰው «ደመወዙ ስንት ነው» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ የማየው የወረቀቱን የመጨረሻ መስመር ብቻ ነው። የአገራቱንም ቁጥር በዚህ ዓይን ነው የማሳይህ። (የውጭውን ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።)

ቻይናን እንይ። በ2010 ሼንዘን ከተማ የሚገኘው፣ አይፎን የሚገጣጥመው የፎክስኮን ፋብሪካ መነሻ ደመወዙ 900 ዩዋን ነበር። በዚያ ዓመት ያንተ እኩዮች የሆኑ ሠራተኞች ከመኝታ ሕንፃው እየዘለሉ ሞቱ። ዓለም ጮኸ። ኩባንያውም መነሻውን ወደ 1,200 ከፍ አደረገ። የከተማዋ ዝቅተኛ ደመወዝ በዚያው ዓመት 1,100 ዩዋን ነበር፤ በ2015 2,030 ደረሰ። በ2025 ደግሞ 2,520 ሆነ። ቁጥሮቹን ደግመህ እያቸው። በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ በቀጣዮቹ 10 ዓመታት ግን የጨመረው ሩቡን እንኳ አይሞላም። ለምን? መጀመሪያ ላይ ከገጠር የሚመጣው ወጣት እያነሰ ሄደ፤ ፋብሪካው ሰው አጣ፤ ሰው ሲያጣ ደመወዝ ጨመረ። ደመወዙ ሲጨምር ደግሞ ገሚሱ ሥራ ወደ ማሽን፣ ገሚሱ ወደ ሌላ አገር ሄደ። ሳምሰንግ ቻይና ውስጥ የቀረችውን የመጨረሻ የስልክ ፋብሪካውን በ2019 ዘጋ። ሥራው ዋናው ቦታው ቬትናም ሆኗል፤ ባክ ኒን እና ታይ ንዌን የሚባሉ ክፍለ አገሮች ውስጥ።

ቬትናምስ ስንት ትከፍላለች? በጁላይ 2024 የትልልቆቹ ከተሞች ዝቅተኛ ደመወዝ 4.96 ሚሊዮን ዶንግ ሆነ። ሚሊዮን ሲባል አይድነቅህ፤ ያኔ በዶላር 200 አይሞላም ነበር። አንተ ኢንተርኔት ላይ ያየኸው ከዚህ የሚበልጠው ቁጥር ኦቨርታይምና ጉርሻ የተጨመረበት ነው። ሠራተኛው በቀን 8 ሰዓት ሠርቶ ሲወጣ የሚያገኘው አይደለም። ቻይናም እንዲሁ ነው። መነሻው ከሕጉ ዝቅተኛ ብዙም አይርቅም፤ ኪስ የሚሞላው ማታውና እሑዱ ነው።

ሜክሲኮ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደች። በ2018 የቀን ዝቅተኛ ደመወዝ 88.36 ፔሶ ነበር። በ2025 278.80 ሆነ፤ ከአሜሪካ ጋር በሚያዋስነው ድንበር፣ ቲሁዋናና ሁዋሬዝ ባሉበት፣ 419.88 ደረሰ። ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር የሚገጣጠምባቸው ከተሞች ናቸው እነዚህ። በ7 ዓመት ከሦስት እጥፍ በላይ! ይህን ያመጣው የፋብሪካዎች ደግነት አይደለም። መንግሥት በየዓመቱ እየቆረጠ ከፍ ስላደረገው ነው፤ ፋብሪካዎቹም ጥለው አልሄዱም፣ የአሜሪካ ገበያ እዚያው አጠገባቸው ነዋ። የሕግ ወለል ያለበትና የሌለበት አገር ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው የሚታየው። እኛ ጋ ለግል ድርጅት ሠራተኛ እንዲህ ያለ ወለል የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል፤ ቁጥሩ ግን አልወጣም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። በ2019 የወጣ አንድ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ሐዋሳ ፓርክ ውስጥ ልብስ የሚሰፉ ሴቶች መነሻ 26 ዶላር በወር ነው ብሎ ነበር፤ በዓለም የልብስ ሥራ ውስጥ ዝቅተኛው። እኛም ጅማ ላይ በ2011 ዓ.ም. ፓርኩ ሲመረቅ ስንት ቤተሰብ ልጁን በተስፋ እንደላከ አንተም ታውቃለህ።

ስለዚህ «የእኛ ያሳፍራል» ያልከውን አልክድም። ግን አንድ ነገር ላስተካክልህ። የየአገሩን ደመወዝ በዶላር እያወዳደሩ የሚያሳዩ ሠንጠረዦች ያሳስታሉ። ዶላር 57 ብር አካባቢ በነበረበት ጊዜ 7,000 ብር ከ120 ዶላር በላይ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ተብሎ ዶላር 100 ብርን ሲያልፍ፣ ያው 7,000 ብር ከ70 ዶላር በታች ሆነ። የሠራተኛው ወረቀት ላይ አንዲት ሳንቲም አልተነካም፤ ሠንጠረዡ ላይ ግን ደመወዙ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሰውየው የሚገዛው ጤፍና የሚከፍለው ኪራይ እንጂ ዶላር አይደለም። የኑሮ ውድነቱ በኋላ መጥቶ ኪሱን የነካው ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ማሌዢያህ። 1,700 ሪንጊት እውነት ነው። ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ የአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ነው፤ በ2013 900 ነበር። ፔናንግ የምትባለው ደሴት ከ1972 ጀምሮ ኢንቴል የገባባት፣ የቺፕ ሥራ የሚፈላባት ቦታ ናት። ደላላው ይህን ሁሉ በትክክል ነግሮህ ይሆናል። ያልነገረህን እኔ ልንገርህ። ማሌዢያ ለፋብሪካ የጉልበት ሥራ የውጭ ዜጋ የምትቀበለው ከወሰነቻቸው 15 አገሮች ነው፤ ሁሉም የእስያ አገሮች ናቸው። ኔፓል አለች፣ ባንግላዴሽ አለች፣ ኢንዶኔዢያ አለች። ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ ደመወዙ እውነት ቢሆንም አንተ በሕግ የምትገባበት በር የለም። በቱሪስት ቪዛ ወይም በተማሪ ቪዛ ብትገባ ደግሞ ያ 1,700 አይጠብቅህም፤ አሠሪው የፈለገውን ይሰጥሃል፣ ብትከራከረው ፖሊስ ይጠራብሃል።

በሕጋዊ በር የገቡትስ? በ2014 የወጣ ሰፊ ጥናት በማሌዢያ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎች ከሚሠሩ ስደተኞች ከ100ው 32ቱ በግዳጅ ሥራ ውስጥ ናቸው ብሎ ነበር። ምክንያቱን ስታነብ ያንተን ደብዳቤ ታያለህ፦ አገራቸው ላይ ለደላላ የከፈሉት ብድር። ብድሩ ሳያልቅ ሥራ መልቀቅ አይችሉም። ፓስፖርታቸው ተይዟል። ወለዱ እቤት ቤተሰብ ላይ ይቆጥራል። እነዚህ ወረቀታቸው የተሟላ ሰዎች ናቸው ወንድሜ።

ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ግን «መጀመሪያ ታይላንድ፣ ከዚያ በመኪና» ያልከው ነው። ይህን ሳነብ ተነስቼ ቆምኩ። ከታይላንድ በመኪና የሚኬደው ወዴት እንደሆነ ብዙ ኢትዮጵያዊ ወጣት አይቶታል። በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር ከምያንማር ድንበር፣ ሰዎች ታግተው በኢንተርኔት ማጭበርበር ከሚሠሩበት ግቢ፣ 260 ሰዎች ተለቀው ወደ ታይላንድ ተሻገሩ። ከእነሱ ውስጥ 138ቱ የእኛ ልጆች ነበሩ። እነሱም ጥሩ ሥራ አለ ነው የተባሉት። የተደበደቡ፣ በኤሌክትሪክ የተቃጠሉ ነበሩባቸው። ያንተ ደላላ እዚያ ይወስድሃል ብዬ አልምልም፣ አላውቀውም። መንገዱ ግን ያ መንገድ ነው፤ እኔ ወንድሜን በዚያ መንገድ አልሸኝም።

አገራችን በኤጀንሲ ሠራተኛ የምትልከው የሥራ ስምምነት ወደተፈራረመችባቸው አገሮች ብቻ ነው። ቪዛውንና የአውሮፕላን ትኬቱን የሚከፍለውም በሕጉ አሠሪው ነው፣ አንተ የምትከፍለው እንደ ፓስፖርትና ሕክምና ምርመራ ያለውን ነው። 280,000 ብር የሚባል ነገር በየትኛውም ሕግ ውስጥ የለም። ይህ ካልበቃህ ጅማ ያለው የሥራና ክህሎት ቢሮ ሄደህ የደላላውን ስምና ፈቃድ አሳያቸው። ፈቃዱን ስትጠይቀው ፊቱ እንዴት እንደሚሆን አንተው ታየዋለህ።

አሁን የአዲስ አበባው። ወረቀቱን እንሥራው። 7,000 ብር ነው። በአዲሱ የገቢ ግብር 2,000ው ነፃ ነው። ቀጣዩ 2,000 ላይ 15 በመቶ፣ 300 ብር። የቀረው 3,000 ላይ 20 በመቶ፣ 600 ብር። ግብሩ 900 ብር ሆነ። ጡረታ 7 በመቶ፣ 490 ብር። እጅህ ላይ የሚገባው 5,610 ብር ነው። አሁን እናትህ ቤት ነህ፤ ኪራይ አትከፍልም፣ እራትህ አለ። አዲስ አበባ ጓደኛ ይዘህ አንድ ክፍል ብትከራይ ከዚህ ገንዘብ ምን እንደሚተርፍ እዚያ ላሉ ልጆች ደውለህ ጠይቅ። እኔ እንደምገምተው ወሩ መጨረሻ ላይ ባዶ ነህ። ኦቨርታይም ይኖራል ካሉህ በሕጉ የሥራ ቀን ኦቨርታይም በአንድ ተኩል ይባዛል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በ1.75፣ የዕረፍት ቀን በ2፣ በዓል በ2.5። ሰዓትህ ወደ 33 ብር ይመጣል፣ ተባዝቶ 50 ብር። ከፍተኛው ደግሞ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። ከዚህ በላይ ገንዘብ በኦቨርታይም የሚቆልልልህ ካለ ወይ ሕጉን ይጥሳል ወይ ይዋሻል።

ግን ደመወዙ ዝቅ ያለው አዲስ አበባ ስለሆነ ብቻ እንዳይመስልህ። መግጠም የትም ርካሽ ነው። በ2010 የወጣውን አይፎን 4 ዋጋ የበታተኑ ተመራማሪዎች ነበሩ፤ ከመሸጫ ዋጋው ለቻይና ጉልበት የደረሰው 1.8 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። አፕል ከግማሽ በላይ ወሰደ። የመገጣጠሚያ መስመር ላይ ቆሞ በቀን ብዙ ሺህ ጊዜ አንድ ብሎን የሚያስር ሰው በሳምንት ይተካል፤ ለዚህ ነው ደመወዙ ከሕጉ ወለል የማይርቀው። እኛ ጋ ደግሞ በአብዛኛው የስልኩ ቦርድ፣ የውስጥ ሰሌዳው ማለት ነው፣ ተበይዶ አልቆ ነው የሚመጣው። የሚቀረው ስክሪን፣ ባትሪ፣ ሽፋን መግጠምና መፈተሽ ነው።

አንተ ግን እዚያ መስመር ላይ የምትቆም ሰው አይደለህም። ባለፈው ዓመት አንድ ጥገና ቤት ስልኬን ይዤ ስሄድ ያየሁት ልጅ ትዝ አለኝ። ቦርዱን አጉሊ መነጽር ስር አድርጎ፣ በሙቅ አየር እየነፋ፣ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ነገር በመቆንጠጫ አንስቶ ሌላ ተካ። ትንፋሹን ይዞ ነበር። እኔም አብሬው ትንፋሼን ያዝኩ። ስልኬ በራ። ይህን የሚችል እጅ ያለው ሰው ፋብሪካ ውስጥም ቦታ አለው፤ ከመስመሩ ተበላሽቶ የወጣውን ስልክ የሚመረምርና የሚጠግን ክፍል አለ። ቬትናምም ሄድክ ቻይና፣ ቴክኒሻኑ ከመስመር ሠራተኛው በላይ ነው የሚከፈለው፣ ምክንያቱም እሱን በሳምንት መተካት አይቻልም።

ስለዚህ ፋብሪካውን እንዲህ በላቸው፦ «እኔ 3 ዓመት ወይም የሠራሁትን ያህል ቦርድ ጠግኛለሁ፣ የጥገና ክፍል ቦታ ካላችሁ ፈትኑኝ።» ደመወዙን፣ ሰርቪስ መኖሩን፣ የሙከራ ጊዜውን፣ ከ6 ወር በኋላ ስንት እንደሚሆን በጽሑፍ ጠይቅ። በቃል የተነገረ ደመወዝ ምን እንደሚያስከትል ሕንድ ውስጥ ታይቷል፤ በዲሴምበር 2020 ናራሳፑራ በሚባል ቦታ አይፎን የሚገጣጥም ፋብሪካ ሠራተኞች በአሠሪ ኤጀንሲዎች በኩል ገብተው፣ ከተባልነው ያነሰ ተከፈለን፣ የዘገየም አለ ብለው ፋብሪካውን ሰባበሩት። የጥገናውን ክፍል ከሰጡህና ቁጥሩ ከፍ ካለ ሂድ፣ አንድ ዓመት ሞክረው፣ ብዙ ትማራለህ። መስመር ላይ ቁም ካሉህ ግን እዚሁ ቆይ።

እዚህ ስትቆይም እንዲሁ አትቆይ። ግማሽ በግማሹን ከባለሱቁ ጋር እንደገና ተነጋገር። ስክሪን መቀየር ላይ ግማሹን ይውሰድ፤ ቦርድ ሥራ ላይ ግን ሥራው ያንተ እጅ ነው፣ 60 በመቶ ጠይቀው። እምቢ ካለ የራስህን መሣሪያ መግዣ በየወሩ ቆጥብ። አባትህ ሊረዱህ ከፈለጉ ማሳውን አይደለም የሚሰጡህ፤ ዘንድሮ ቡናው ተለቅሞ ከተሸጠ በኋላ አጉሊ መነጽርና የሙቅ አየር ማሽን የሚገዛ ያህል ብቻ በብድር ተቀበላቸው። ማሽኑ ነገ ካልሆነልህ ይሸጣል። በወለድ አገድ የተያዘ ማሳ ግን ያበደረው ሰው ለዓመታት ቡናውን እየለቀመ ይበላዋል፣ ገንዘቡ ካልተመለሰም ማሳው አይመለስም፤ አባትህ በገዛ ማሳቸው ዳር ቆመው ሌላ ሰው ሲለቅም ያያሉ።

ውሉ ሐሙስ ነው ብለሃል። አባትህ ገበያ ሲወርዱ ከሰውየው ጋር ሊገናኙ ነው ማለት ነው። ይህን ያነበብከው ከዚያ በፊት ከሆነ ደላላውን ተወው፣ እሱን ነገም ትነግረዋለህ። ዛሬ ማታ ወደ ማና ደውልና «አባዬ፣ አትፈርም» በላቸው።